ከቀለም እድፍ የምናብ መልክዓ ምድር መሣል፦ ደረጃ በደረጃ

ወረቀት ላይ ቀለም ማፍሰስ ማንም ይችላል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ቀለሙን ይረጭና ቁጭ ብሎ ያያል። የሚታየው የሰው ፊት፣ የሌሊት ወፍ ወይም የአፍሪካ ካርታ ነው፤ ተራራ የሚባል ነገር የለም። ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ ተራራ ካልሠራሁ ብሎ ይታገላል። እጁም ከልጅነቱ የለመደውን ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ተራሮችና በመሃላቸው የምትወጣ ፀሐይ ይደግምለታል።

ሁለቱም ያልተሳካላቸው የማሰቢያውን ሰዓት ስላምታቱ ነው። በዚህ ዘዴ ከእድፉ በፊት ትንሽ ይታሰባል፣ እድፉ ሲሠራ ጭራሽ አይታሰብም፣ ከደረቀ በኋላ ግን ብዙ ይታሰባል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ይህንን ለማስጠበቅ ነው። ስለዚህ ደረጃ አትዝለሉ።

## ዝግጅት

ኢንክ። ቻይና ኢንክ የሚባለውን፣ ከደረቀ በኋላ ውሃ የማያስለቅቀውን ጥቁር ቀለም ግዙ። ብዕር ውስጥ የሚሞላው ቀለም በአብዛኛው ውሃ ሲነካው እንደገና ይሟሟል። የገዛችሁት የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ፈትኑት። አንድ ወፍራም መስመር አስምሩ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ በእርጥብ ብሩሽ እለፉበት። መስመሩ ከተንቀሳቀሰ ኢንኩ ይለቃል ማለት ነው። አትጣሉት፤ ለእድፉ ይሆናል። ለመጨረሻው ሥዕል ግን የማይለቀውን ፈልጉ።

ወረቀት። ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል። ለእድፉ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ 80 ግራም፣ ኤ4 ይበቃል። ለመጨረሻው ሥዕል ደግሞ ከ120 እስከ 160 ግራም የሆነ። በጣም ወፍራም ወረቀት ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በኋላ መስኮት ላይ ለጥፋችሁ ስትገለብጡ ከሥሩ ያለውን አያሳያችሁም።

ብሩሽ። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ለስላሳ ብሩሽ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ቀጭን። ትልቁ የግድ የሠዓሊ መሆን የለበትም። ትንሽ የግድግዳ ቀለም መቀቢያም ይሠራል፤ እንዲያውም ሻካራነቱ ይጠቅማል።

ሦስት ኩባያ። አንደኛው ውስጥ ንጹሕ ኢንክ። ሁለተኛው ውስጥ አንድ እጅ ኢንክ በአራት እጅ ውሃ። ሦስተኛው ውስጥ አንድ እጅ ኢንክ በአሥራ ሁለት እጅ ውሃ። ከላያቸው ላይ ጥቁር፣ መካከለኛ፣ ቀጭን ብላችሁ ጻፉ። ሦስቱም ኩባያ ውስጥ ሲታዩ ጥቁር ናቸውና በዓይን አትለዩአቸውም።

ሌላ። ሶፍት፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ እርሳስ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ከካርቶን የተቆረጡ ሁለት ማዕዘኖች (የ«L» መልክ ያላቸው፣ ማዕዘናቸው ልክ 90 ዲግሪ የሆነ፣ እያንዳንዱ ክንድ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል)።

ኢንክ ባታገኙ በደንብ የፈላና የተጠለለ ቡና ቀለል ያለ ቡናማ ጥላ ይሰጣል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ጥቁር አይሆንም፣ ውሃ ሲነካውም ይለቃል።

> ማስጠንቀቂያ፦ የደረቀ ቻይና ኢንክ ከልብስ አይወጣም። አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ጠረጴዛውን በጋዜጣ ሸፍኑ። ጠርሙሱን ሰሃን ውስጥ አስቀምጡት፤ በወረቀቱ ላይ አሳልፋችሁ አታንሱት። ከፈሰሰ አትጥረጉ፤ መጥረግ ያሰፋዋል። ሶፍት ጣል አድርጋችሁ አስመጥጡ።

## ደረጃ 1፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ስለ ቦታው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ። «ከፍ ያለ አገር፣ ከሥሩ ወንዝ።» ወይም «ሰፊ ሜዳ፣ ሩቅ ላይ ጋራ።» በቃ። ዛፍ፣ ቤት፣ መንገድ አትጨምሩ። በእርሳስም ምንም አትሞክሩ።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ አሌክሳንደር ከዘንስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲያስተምር የነበረው ይህንኑ ነው። ጠቅላላ ሐሳብ አእምሮ ውስጥ ይያዝ፣ እጅ ግን በፍጥነትና በነፃነት ይሂድ ይል ነበር። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሰምቶ የመጀመሪያውን ይረሳል። ወረቀቱ ላይ ጭራቅ ብቻ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

## ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ጨምድዱ

ስድስት የፎቶ ኮፒ ወረቀት አዘጋጁ። ሦስቱን በእጃችሁ ጨምድዱና መልሳችሁ በመዳፍ ዘርጉ። ሙሉ በሙሉ እንዲስተካከሉ አትድከሙ። የቀሩትን ሦስት እንዳሉ ተዉአቸው።

ጭምድዱ ሥራ አለው። ግማሽ ደረቅ ብሩሽ ሲያልፍበት ቀለሙ ከፍ ያሉትን እጥፋቶች ብቻ ይነካል። እርጥብ ቀለም ሲያርፍበት ደግሞ የተሰበሩት መስመሮች ቀለሙን ይመጥጡና ይጠቁራሉ። ሁለቱም ሸንተረርና የድንጋይ ስንጥቅ ይሰጧችኋል፤ እናንተ ብታስቡ የማትስሉትን ዓይነት።

ወረቀቱ ከተቀደደ፦ በጣም ጨብጣችሁታል ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ ችግር የለውም፣ ከጀርባው ቴፕ ለጥፉና ቀጥሉ።

## ደረጃ 3፦ እድፉን ሥሩ

ለአንድ ወረቀት ከአንድ ደቂቃ በላይ አትስጡ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ። ቀልድ አይደለም፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጃችሁ ማሰብ ይጀምራል።

1. ቁሙ። ተቀምጣችሁ ከሠራችሁ የሚንቀሳቀሰው አንጓችሁ ብቻ ነው።
2. ትልቁን ብሩሽ ከእጀታው ጫፍ ያዙት። ጥቁሩ ኩባያ ውስጥ ንከሩ።
3. በብሩሹ ጎን አንድ ትልቅ ጥቁር ክምር አኑሩ። ወረቀቱ መሃል ላይ አይሁን፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይጠጋ።
4. ከእሱ ራቅ አድርጋችሁ ሁለት ወይም ሦስት መካከለኛ ክምሮች ጨምሩ። እርስ በርሳቸው እኩል አይሁኑ።
5. ብሩሹን ሶፍት ላይ አራግፉና በደረቁ ወረቀቱን በአግድም አንድ ሁለቴ ጥረጉት።
6. መካከለኛውን ኢንክ አንስታችሁ በአንዱ ጥቁር ክምር ጠርዝ ላይ አሳርፉ። ሁለቱ ይቀላቀሉ። አትንኩት።
7. ወረቀቱን አንሱና ወደ አንድ ጎን አዘንብሉ። የሚፈሰው ይፍሰስ።
8. አስቀምጡ። ወደሚቀጥለው እለፉ።

ዋናው ደንብ፦ ከወረቀቱ ቢያንስ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቅር። ነጩም እንደ ጥቁሩ ቅርጽ ነው። ሰማዩ፣ ውሃውና ብርሃን ያረፈበት ገደል የሚወጡት ከእሱ ነው።

በስድስቱ ወረቀቶች ላይ አሠራሩን ለዋውጡ። በአንዱ ላይ መጀመሪያ ውሃ እፍ በሉበት፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ጭጋግ ይሆናል። በሌላው ላይ ቀለም የጠጣ ብሩሽ በእንጨት ምቱ፣ ብናኙ በኋላ ቁጥቋጦና ጠጠር ይሆናል።

### ሲበላሽ

ክብ ክብ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ። ቀለሙን ከላይ እየጣላችሁ ነው። ከከፍታ የወደቀ ጠብታ ክብ ይሆናል፣ ክብ ደግሞ ከዓይን በቀር ምንም አይመስልም። ብሩሹን ወረቀቱ ላይ አሳርፋችሁ ጎትቱ።

ወረቀቱ በሙሉ ከጠቆረ። ንጹሕ ወረቀት ላዩ ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ ተጫኑና አንሱ። ትርፉን ይመጥጣል። አንዳንዴ ያነሳችሁት ቅጂ ከዋናው ይሻላል፤ እንደ ሰባተኛ ወረቀት ቁጠሩት።

የሌሊት ወፍ ከወጣ። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች በሚሄድ መስመር አጥፋችሁታል። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ሁሉ ፊት ወይም ክንፍ ይመስላል። ማጠፍ ካማራችሁ መስመሩ አግድም ይሁን። ያኔ የታችኛው ግማሽ ለላይኛው የሐይቅ ነጸብራቅ ይሆንለታል። ይህ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ በጣም ርካሽና በጣም አስደሳች ዘዴ ነው።

## ደረጃ 4፦ ይድረቅ

ወረቀቶቹን ጋዜጣ ላይ ዘርጉና ከክፍሉ ውጡ። የፀጉር ማድረቂያ መጠቀም የሚቻለው የቀለሙ ማብረቅረቅ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ንፋሱ ቀለሙን ይገፋና ጠርዙን ሸረሪት ያስመስለዋል። ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ወረቀቱ ይጠቀለላል። ከተጠቀለለ ከደረቀ በኋላ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት።

ከተቻለ ማንበቡን ለነገ አቆዩት። ትኩስ እድፍ ስታዩ የምታስታውሱት እጃችሁ ያደረገውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን አታዩም።

## ደረጃ 5፦ እድፉን አንብቡ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ በሉ።

ስድስቱንም ግድግዳ ላይ በቴፕ ለጥፉ። ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ትንንሹ ዝርዝር ይጠፋል፣ ትልልቁ ክምር ብቻ ይቀራል። አሁን እያንዳንዱን ወረቀት በአራቱም አቅጣጫ አዙሩ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ግራና ቀኙን ገልብጡና ደግማችሁ እዩ።

«ምን ይመስላል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ጥያቄ ዕቃና ፊት ነው የሚያመጣው። ጠርዝ ፈልጉ። ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበትን እያንዳንዱን ረጅም መስመር እየተከተላችሁ ይህንን ጠይቁ፦

- ይህ ጠርዝ ተራራና ሰማይ የሚገናኙበት ነው?
- ውሃና መሬት የሚገናኙበት ነው?
- ወይስ በአንድ ተራራ ላይ ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበት?

አንድ ጠርዝ ከሦስቱ ለአንዱ ሲመልስ ቀሪው ይከተላል። አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ጎኑ የተቆረጠ ጥቁር ክምር ካያችሁ አምባ አግኝታችኋል። ወደ ታች የፈሰሰ ቀጭን ቀለም የገደል ስንጥቅ ነው። በሁለት ጥቁሮች መሃል የቀረ ጠማማ ነጭ ወንዝ ወይም መንገድ ነው። የደረቀው የአግድም ጥረጋ ሩቅ ሜዳ ይሆናል።

ቀጥሎ ሁለቱን የካርቶን ማዕዘኖች ገጥማችሁ መስኮት ሥሩ። ወረቀቱ ላይ አንሸራትቱት፤ ጠበብ ሰፋ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ሙሉው ወረቀት ዝም ብሎ የቀለም መዓት ሆኖ፣ አንዱ ጥግ ላይ ያለ መዳፍ የማይሞላ ክፍል ግን ሙሉ አገር ይይዛል። የወደዳችሁትን ክፈፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ፊት አልለቅ ካለ፦ ዓይን የመሰሉትን ሁለት ነጥቦች ፈልጉና አንዱን በካርቶኑ ከክፈፉ አውጡት። አንድ ዓይን ሲጠፋ ፊቱ ይፈርሳል። ካልሆነ ወረቀቱን ገልብጡት።

ምንም ካልታየ፦ ከስድስት ወረቀት አንድ ወይም ሁለት ብቻ መሥራቱ የተለመደ ነው። ስድስቱም ዝም ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ክምሮቹ እኩል መሆናቸው ነው። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና አንዱን በጣም ትልቅ፣ ሌሎቹን በጣም ትንሽ አድርጉ።

## ደረጃ 6፦ ሦስት ውሳኔ

መስመር ከመሳባችሁ በፊት ወስኑ። በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በልባችሁ ብቻ ከያዛችሁት መሃል ላይ ትቀይሩታላችሁ።

1. አድማሱ የት ነው? ከክፈፉ አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ከላይ ወይም ከታች ይሁን። ከታች ካደረጋችሁት ሰማይ ይበዛል፣ ተራራው ይገዝፋል። ከላይ ካደረጋችሁት ከከፍታ ቁልቁል እያያችሁ ነው።
2. ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ከግራ ወይስ ከቀኝ? አንዱን ምረጡ። እድፉ ሁለቱንም ስለሚያሳይ ከምርጫችሁ ጋር የሚጣላውን ጥላ ትተዉታላችሁ።
3. ቅርብ፣ መሃልና ሩቅ የትኞቹ ናቸው? ሩቅ ያለው ቀጭን ቀለም፣ ቅርብ ያለው ጥቁር ይሆናል። በመሃላችን ያለው አየር ሩቁን ስለሚያደበዝዘው ነው።

ሦስተኛው ላይ ጠብ ይነሳል። እድፉ ውስጥ በጣም ጥቁሩ ክምር ሩቁ ተራራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እድፉን አታምልኩት። ቅርጹን ውሰዱ፣ ጥቁረቱን ለውጡ።

## ደረጃ 7፦ ወደ ንጹሕ ወረቀት ገልብጡ

በቀጥታ እድፉ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም። አንዴ ከተበላሸ እድፉም አብሮ ሄደ።

እድፉን ቀን ላይ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፉ። ንጹሑን ወረቀት ከላዩ ለጥፉ። ትልልቁን ጠርዝ ብቻ በለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ተከተሉ፦ የተራራውን አናት፣ የውሃውን ዳር፣ ዋናውን ጥላ። እያንዳንዷን ብናኝ አትገልብጡ። አሥራ አምስት ያህል መስመር ከበቂ በላይ ነው።

ጠርዙን አታለስልሱት። እጅ ሲገለብጥ ጎርበጥባጣውን ወደ ለስላሳ ቅስት የመቀየር አመል አለው፤ ሥዕሉ የሚሞተውም ያኔ ነው። እድፉ ድንገት የተሰበረበት ቦታ ላይ እናንተም ስበሩ።

ካልታያችሁ፦ ወረቀቱ ወፍራም ነው ወይም ውጭው ደመና ነው። የእድፉን ጠርዝ በጥቁር ብዕር አጥብቁና ደግማችሁ ሞክሩ።

## ደረጃ 8፦ ቀለሙን አልብሱ

ወረቀቱን በአራቱም ጎን ጠንካራ ሰሌዳ ላይ በማስኪንግ ቴፕ ለጥፉ። ካልለጠፋችሁ ሲረጥብ ይነፋል፣ ቀለሙም በየጉድጓዱ ይጠራቀማል።

ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ ከቀጭን ወደ ጥቁር ሂዱ።

1. ሰማይ፦ ነጭ ተዉት፣ ወይም ሦስተኛውን ኩባያ እንደገና በውሃ አቅጥናችሁ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡ።
2. ሩቅ ተራራ፦ በቀጭኑ ኢንክ። አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ቀለም፣ ያለ ምንም ዝርዝር። ይድረቅ።
3. መሃሉ፦ ቀጭኑን ሁለት ጊዜ ደራርቡ፣ ወይም መካከለኛውን አንድ ጊዜ። በብርሃኑ በኩል ነጭ አስቀሩ። ይድረቅ።
4. ቅርቡ፦ መካከለኛውን፣ ጥላው ውስጥ ደግሞ ጥቁሩን።

«ይድረቅ» ያልኩት ለማስረዘም አይደለም። እርጥብ ተራራ ላይ እርጥብ ተራራ ከተደረበ ሁለቱ ተቀላቅለው ጭቃ ይሆናሉ። በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው።

ሩቁ ተራራ ከጠቆረ፦ ኢንኩ የማይለቅ ከሆነ ይድናል። ነጭ አክሪሊክ ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ በተራራው የታችኛው ግማሽ ላይ በስሱ አልፉበት። ጭጋግ ይሆናል። የሚለቅ ኢንክ ከሆነ አትሞክሩት፤ ግራጫ ጭቃ ብቻ ታገኛላችሁ።

ቀለሙ የሐይቅ ዳር የመሰለ ጥቁር ጠርዝ ከሠራ፦ ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ውሃ ጨምራችሁ ነው። እስኪደርቅ ተዉትና ጠርዙን ወደ ሸንተረር ወይም የደመና ዳር ለውጡት።

## ደረጃ 9፦ ዝርዝር፣ ግን በቁጥብ

ቀጭኑን ብሩሽ ወይም ብዕር አንሱ። ዝርዝር የሚገባው ቅርቡ ላይ በብዛት፣ መሃሉ ላይ በጥቂቱ፣ ሩቁ ላይ በፍጹም።

ቦታው የምናብ ቢሆንም የመሬት ሕግ አለው። የረጋ ውሃ ገጽ ሁልጊዜ አግድም ነው፤ ያጋደለ ሐይቅ ሥዕሉን በአንዴ ያበላሻል። ወንዝ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፣ ሲቀርብ ይሰፋል። የስሜን ተራሮችን የመሰለ ገደል ከፈለጋችሁ ድንጋዩ እርስ በርሱ የተነባበረ ባዛልት መሆኑን አስታውሱ፤ አግድም ረድፎች፣ በመሃላቸው ቁልቁል የሚወርዱ ስንጥቆች። ቀጥ ብላ የቆመች ብናኝ ጅብራ ማድረግ ትችላላችሁ። ግን ጅብራ ውርጭ ባለበት ከፍታ የሚበቅል ነውና ከሥሩ የሙዝ ተክል አታቁሙለት።

አሁን የመጠን ምልክት ጨምሩ። አንድ ጎጆ፣ ወይም አንድ ሰው፣ ወይም አንድ ዛፍ፤ መሃሉ ላይ፣ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር የማይሞላ። ይህ ከሌለ ተራራችሁ ድንጋይ ይሁን ጋራ አይታወቅም። ጎጆውን ካሳደጋችሁት ተራራው ያንሳል፤ ተራራው እንዲገዝፍ ከፈለጋችሁ ጎጆውን አሳንሱ። ሁለት ምልክት በተለያየ መጠን አታድርጉ፣ አንዱ ሌላውን ያስዋሸዋል።

መቼ ልቁም? የምትጨምሩትን ነገር ስም መጥራት ሲያቅታችሁ። «እዚህ ቁጥቋጦ» ካላችሁ ጨምሩ። «እዚህ ትንሽ ነገር» ካላችሁ ብሩሹን አስቀምጡ።

## ከጨረሳችሁ በኋላ

ቴፑን ወረቀቱ ፍጹም ከደረቀ በኋላ ብቻ፣ በቀስታ፣ ወደ ውጭ በማጋደል ላጡት። ከተጣበቀ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቁትና ደግማችሁ ሳቡ።

እድፎቹን አትጣሉ። ከአንዱ ወረቀት የተለያየ ክፈፍ ወስዶ ሁለት ሦስት አገር ማውጣት ይቻላል። ከጀርባቸው ቀኑንና የያዛችሁትን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀን በቀን ስታዩዋቸው ከርመው ዝም ያሏችሁን ደግሞ ለጓደኛ አሳዩ፤ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ግን ምንም አትንገሩት።

ብሩሹን ሳትውሉ ሳታድሩ እጠቡ። ቻይና ኢንክ ሥሩ ላይ ከደረቀ ፀጉሩ ይበተናል፣ ብሩሹም ዳግም ሹል አይሆንም። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና መዳፋችሁ ላይ አሹት፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን። ጫፉን በጣት አሹሉና አጋድማችሁ አድርቁት። ኩባያ ውስጥ አቁማችሁ ካደረቃችሁት ውሃው ወደ እጀታው ወርዶ ማጣበቂያውን ያላላዋል።